ጋሽ ተሰማ ያልረገጡት መንገድ

ከታርማበር ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ የሚገባውን መንገድ እኔ የማውቀው በእግሬ ስለለካሁት ነው። ወጣት ሳለሁ ቀያሽ ነበርኩ። በሦስት እግር በሚቆም መነጽር እያየሁ፣ ሰንሰለት እያስጎተትኩ፣ ችካል እያስተከልኩ ሁለት በጋ ሙሉ ከጉም ጋር ስታገል ከርሜበታለሁ። ከዚያ አዳማ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታም ወጣሁ። ወደ መንዝ ግን አንድ ቀንም ተመልሼ አልሄድኩም። ምክንያቱን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ አንድ ባና ሻጭ ጉድ አደረገኝ። ባና የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። በአዳማ ሙቀት ባና ተሸክሞ የሚዞር ሰው ሳይ አሳዘነኝና ጠርቼ ውኃ ሰጠሁት። ጌታሁን ይባላል። አገሩ ከሞላሌ አለፍ ብላ ያለች ቀበሌ ናት፤ ባለታሪኩን ላለማጋለጥ ስሟን አልጠራትም። መንገዱን አውቀዋለሁ ብዬ ስኩራራበት ሳቀና፣ እንግዲያው መንገዱን የማይረግጡትንም ሽማግሌ ያውቋቸዋል አለኝ። መንገዱ ማሳቸውን ስለቆረጠባቸው በእግርም ሆነ በመኪና አልሄድበትም ብለው በካህን ፊት ተገዝተዋል። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ደብረ ብርሃን ቢወርዱ በቀዶ ጥገና ይገፈፍላቸዋል ተብለዋል። እሳቸው ወይ ፍንክች። ስማቸው ማን ነው ብዬ ስጠይቀው ጋሽ ተሰማ አለኝ። ባናውን ሳልከራከር ገዛሁት።

የዚያን ዕለት ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ጋሽ ተሰማ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀምጫለሁ። ነፋስ ድንኳናችንን ሲቀደው ቤታቸው አስገብተው እሳት ዳር አስተኙኝ፣ የጾሙን በጾም፣ የፍስኩን በፍስክ አበሉኝ። መስመሩ በገብስ ማሳቸው መሐል እንደሚያልፍ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ከበላይ ቋጥኝ ነው፣ ከበታች ረግረግ ነው፣ ሌላ ማለፊያ የለም። ችካሉ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለልኬት ያህል ነው፣ ምንም አይደለም አልኳቸው። እረኞች እየነቀሉ ስላስቸገሩኝ ደግሞ፣ ይጠብቁልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም አደራ ነው አሉና በዝናብ ሳይቀር እየወጡ ጠበቁልኝ። እኔ ሄድኩ። በዓመቱ ዶዘሩ መጥቶ ማሳቸውን የሰነጠቀው እሳቸው በጠበቁት ችካል መስመር ነው። መንገዱ የግድ ነበር፤ ውሸቱ ግን የግድ አልነበረም።

ባለቤቴ ተነሥታ ሹራቤን ከቁም ሳጥን አውጥታ ሻንጣው ላይ ወረወረችልኝ።

ማክሰኞ። በማለዳ ተነሥቼ በአዲስ አበባ አድርጌ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ገባሁ። መንገዱ በዚያ ሰሞን ሰላም መሆኑን ጌታሁን በስልክ አረጋግጦልኛል፤ ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። አዳማ ላይ በዚህ ሰዓት ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ታክኮ ይሄዳል፤ እዚህ ደግሞ ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ መርጦ ይቆማል። ያደርኩበት ቤት ባለቤት ሹራቤን አይታ ከልቧ ሳቀች። ይቺ ናት የያዙት ብላ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ፣ በዚያ ላይ የራሴን ባና ደረብኩ። ጠዋት ከነዚህ ሁሉ ሥር ለመውጣት ፈቃደኛ ለመሆን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ረቡዕ። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነቃነቅም፤ ሲሞላም አይነቃነቅም፤ ከሞላ በላይ ሲሆን ተነሣን። ታርማበር ስንደርስ ጉሙ ዋጠን። ዋናው አስፋልት ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ የኛው ወደ ግራ ይታጠፋል። ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ጥሩምባ እየነፋ በእርምጃ ሄደ። በስተቀኝ ገደል እንዳለ አውቃለሁ፣ ለካሁት እኮ። አለማየቴን እንደ በረከት ቆጠርኩት።

ከመዘዞ በፊት ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ከፈነዳው የባሰ ነበር። ሁላችንም ወርደን በብርድ ስንቆም አንዲት ሴት ከታች ከጎጇቸው በሰፌድ የገብስ ቆሎ ይዘው ብቅ አሉ፤ ማን እንደሆንን አልጠየቁም፣ ብሉ ብቻ አሉን። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሸምገል ያሉ ተሳፋሪ የመንገዱን ታሪክ አጫወቱኝ፤ የማውቀውንም የማላውቀውንም። መጀመሪያ የበቅሎ መንገድ ብቻ ነበር። ከዚያ የየአጥቢያው ሰው ተራ ገብቶ በዶማና በዲጂኖ ጠረገው፤ የአንዱ ደብር ሰው የጠረገው ከሌላው ደብር ሰው ድርሻ ጋር ሲገናኝ ሳይገጥም ቀርቶ ጠብ ተነሥቶ ነበር አሉ። ከዚያ መሐንዲሶች መጡ፣ ጠጠር ፈሰሰ፣ ከዓመታት በኋላም አስፋልት ለበሰ። አሁን አስፋልቱም እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። ከነዚያ መሐንዲሶች አንዱ ነኝ ለማለት አፌ ሊከፈት ነበር። የቆሎው ሴትዮ ሲያዩኝ ግን አፈርኩ።

ሞላሌ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሽሮ በላሁ፤ ረቡዕ ነውና ሌላም የለ። አዳማ ላይ በጾም ቀንም ቢሆን ሰው ዓሣ ጠብሶ የሚከራከርበት ቤት አይጠፋም፤ እዚህ ክርክር የለም፣ ሽሮ ነው። ሽሮው ግን ግሩም ነበር፤ የመንዝ ባቄላ ነው አለችኝ አስተናጋጇ።

ሐሙስ። ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ መኪና ተሳፍሬ ከቀበሌዋ ላይ ወረድኩ። መኪናው እንደሄደ ዙሪያዬን ሳይ ቦታው ጠፋኝ። የያኔው ቆርቆሮ የማያውቅ መንደር ዛሬ ያብረቀርቃል። ያወቅሁት ከመንገዱ ሥር ያለውን የውኃ መተላለፊያ ቱቦ ነው፤ በወረቀት ላይ የሣልኩት እኔ ነኝ። ቆሜ ሳየው አንድ ሰው ከውስጡ ወጣ። በርኖስ የደረቡ፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በበትር እየዳበሱ፣ በሌላ እጃቸው የቱቦውን ግድግዳ ይዘው። ከውጭ አንዲት ሴት እጃቸውን ተቀብላ አወጣቻቸው።

አስካለ ትባላለች፣ የጋሽ ተሰማ ልጅ ናት፤ ጌታሁን እንግዳ ይመጣል ብሎ ደውሎላታል። መንገዱ ቤታቸውን ከምንጩና ከአውድማው ለይቶታል። ግዝታቸውን ላለማፍረስ ሲሉ መንገዱን በላዩ አይሻገሩትም፣ በሥሩ ያልፋሉ እንጂ። ክረምት ሲሆን ጎርፉ እስኪጎድል ይጠብቃሉ። መንደርተኛው መጀመሪያ ስቆ ነበር አለችኝ፣ አሁን ግን ከብት እንኳ እሳቸው ሲያልፉ ወደ ቱቦው አያስገባም።

ጋሽ ተሰማ ድምፄን አላወቁትም። እንግዳ ነኝ፣ ከአዳማ ነው የመጣሁት ስላቸው፣ "እንግዳማ ቆሞ አይውልም፣ ግባ" አሉኝና ትከሻዬን ይዘው አስገቡኝ። እሳቱ ዳር በዚያው በቀድሞ ቦታዬ አስቀመጡኝ። አስካለ እጄን አስታጠበችኝ፣ ቅቤው መሐሉ ላይ የቀለጠ የገብስ ገንፎ አቀረበች። አዳማ ላይ ስነሣ ከመብላቴ በፊት እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ገንፎው ይተናል። ጋሽ ተሰማ ብላ እንጂ፣ ብላ እያሉ በእጃቸው ሳህኑን ወደ እኔ ይገፉታል። በመንዝ ቤት የቀረበ ማዕድ ላይ እጅ ማሳጠር ስድብ ነው፤ እኔም በዚህ ቤት ሁለተኛ ጊዜ ደብቄ ልበላ አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ እኔ ሙሉጌታ ነኝ። ችካሉን ያስጠበቅሁዎት" አልኳቸው።

እጃቸው ሳህኑ ላይ ቀረ። ከዚያ ጣታቸውን በዝግታ ጠረጉ፣ በትራቸውን ፈልገው ተነሡ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። አስካለ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታየኛለች። ገንፎው እንደተቀመጠ በረደ። አመሻሹ ላይ ሲመለሱ አላናገሩኝም፤ ለልጃቸው ነው የተናገሩት። እንግዳው ራቱን ይብላ፣ መደቡ ላይ ይነጠፍለት፣ ቤቱ ብርድ ነው በይው አሏት። ከዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያ ምሽት ያፈርኩበት የለም።

ዓርብ። ጠዋት አስካለ መምሬ ኃይሌ ዘንድ ወሰደችኝ። የጋሽ ተሰማ የነፍስ አባት ናቸው፤ ቀጭን፣ ጥርሳቸው የሳሳ፣ ቀልድ የሚወዱ ካህን። ያን ግዝት ያሰሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ ተሰማ ዶማ ይዞ ሰው ሊመታ ደርሶ ነበር አሉኝ። ከደም ይልቅ ግዝት ይሻላል ብዬ፣ መንገዱን ካልረገጥክ ከሠራተኞቹም ጋር አትገናኝም ብዬ ገዘትኩት፤ ለአንድ በጋ መስሎኝ ነበር። በኋላ ልፍታህ ስለው እንቢ አለ። የበደለኝ ሰው መጥቶ ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ምኑን ትፈታኛለህ እያለ ይህን ሁሉ ዘመን መለሰኝ። ዓይኑ ሲደክም ለምኜዋለሁ፣ ተንበርክኬለታለሁ። እጄ ነው ያሰረው፤ ቢታወር ለእኔም ዕዳ ነው አሉኝ።

ከዚያ በአገሩ ደንብ ምን እንደማደርግ ነገሩኝ። የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ይለምናል። ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንሥቼ መጣሁ። መምሬ አገላብጠው አዩዋትና፣ "ይቺማ ወፍ ማባረሪያ ናት፤ ያንተን ያህል በደል የምታህል አምጣ" አሉኝ። ሌላ አመጣሁ። እሷን ለመሸከም ጉልበቴ ጮኸ።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎችና መምሬ ተቀመጡ፤ ጋሽ ተሰማ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ተቀመጡ። እኔ ድንጋዬን ተሸክሜ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። በደሌን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ድንጋዩ ማጅራቴን ሲቆርጠው፣ ላቤ በዚያ ብርድ ሲንቆረቆር፣ ጋሽ ተሰማ ከተቀመጡበት ተናገሩ።

"እቤቴ ስትበላ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ ጋሼ።"

"በዝናብ ስጠብቅልህም?"

"ሲጠብቁልኝም አውቅ ነበር።"

"ማሳውንስ ትቼዋለሁ፤ የመንግሥት ነገር ነው፣ መንገድም ለሰው ያስፈልጋል። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ብትነግረኝም እኮ አበላህ ነበር" አሉ።

ይህን ሲሉ አለቀስኩ። ሳለቅስ ድንጋዩ ወደቀ፣ የአንዱን ሽማግሌ እግር ለጥቂት ሳተ። መምሬ ኃይሌ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ አወረድክ ማለት ነው እንግዲህ አሉና ተነሡ። ጋሽ ተሰማ ይቅር ለእግዚአብሔር አሉኝ፣ ሦስት ጊዜ። መምሬ መስቀላቸውን በጋሽ ተሰማ ግንባር ላይ አድርገው እግዚአብሔር ይፍታ አሏቸው፤ የስግደት ቀኖና ሰጧቸው። ከዚያ ለእኔ ከእሳቸው እጥፍ ሰጡኝ። ጾም ነበርና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን ከአንድ ገበታ በላን፤ ጋሽ ተሰማ አፌን በጣታቸው ፈልገው አጎረሱኝ።

ቅዳሜ። በማለዳ ሦስታችን ወደ ደብረ ብርሃን ልንወርድ መንገዱ ዳር ቆምን። ጋሽ ተሰማ ጫማቸውን አወለቁ። አስካለ ብርዱ ይጎዳሃል፣ አባባ ብትላቸውም አልሰሟትም። በበትራቸው ዳሩን ነኩት፣ ከዚያ በቀኝ እግራቸው ወጡበት። ቆሙ። በመዳፋቸው መሬቱን ዳበሱት። ቀጥለው እርምጃ እየቆጠሩ እስከ ማዶው ዳር ተሻገሩ፣ ተመልሰውም መጡ።

"ስፋቱ ይሄው ነው?" አሉኝ። ይኸው ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ጫማቸውን አጠለቁ።

ሚኒባሱ ሲመጣ ሾፌሩ ማን እንደሆኑ ወዲያው አወቀ፤ በዚያ አገር የማያውቃቸው የለም። ከፊት የተቀመጠውን ሰው አስነሥቶ ጋቢና አስገባቸው። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ የማየውን እነግራቸዋለሁ። አሁን ድልድይ አለፍን እላለሁ፤ የእገሌ ማሳ ጋ ነው እንግዲህ ይላሉ። አሁን ወደ ግራ እየታጠፍን ነው እላለሁ፤ ተሰምቶኛል፣ ዝም በል ይላሉ። አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ለምን እንደሚጠማዘዝ ላስረዳቸው ጀምሬ፣ ቁልቁለቱ እንዲህ ነው፣ የኩርባው ልክ እንዲህ ነው እያልኩ ስዘላብድ፣ የሚጠማዘዘው እዚያ ጋ የቆየ መካነ መቃብር ስላለ ነው አሉኝ። ቀያሹ እኔ ነበርኩ፣ ግን አላወቅሁም ነበር። አስጠግተህ ዙር ያለኝ አለቃዬ ነበር፤ አለቃዬም ለካ ከሰው ጠይቆ ነው። ታርማበር ላይ ጉሙ ሲውጠን ብቻ ጋሽ ተሰማ ሳቁ። አሁን እናንተም እንደ እኔ ሆናችሁ አሉ።

ሰኞ። እሑድን ጋሽ ተሰማ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ውለው፣ ሰኞ ጠዋት ሐኪም ጋ ገባን። ተራው ረጅም ነበር። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይን ካየ በኋላ ወደ እኔና ወደ አስካለ ዞሮ በለዘበ ድምፅ ተናገረ። ቀኙ ይሠራል። ግራው ግን ከሞራው ሌላ በሽታ ይዞት ነርቩ ሞቷል፤ ከጥቂት ዓመት በፊት መጥተው ቢሆን ምናልባት። አስካለ እኔን አላየችኝም፤ ብታየኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ ተሰማ ከተቀመጡበት ሰምተውታል። አንድ ይበቃል አሉ፣ የሚታየውም ያው አንድ ዓለም ነው።

ማክሰኞ ቀኙን ሠሩላቸው። ባለቤቴ ደውላ መቼ ትመጣለህ ስትለኝ፣ ፋሻው ሲፈታ አልኳት። አዳማ ቢሆን ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ተኝቼ እጠብቅ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከአስካለ ጋር አንዷን ባና ለሁለት ተከናንበን በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ቀኑን ሙሉ ያወራችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷ እሷን ካዩዋት አራት ዓመት እንደሆናቸው።

ረቡዕ። ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ መግባት አልደፈርኩም። ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ገለጥ ከደን አደረጉ። መጀመሪያ ያዩት አስካለን ነው። ጉንጯን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩዋት፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ያያሉ። ነርሷም ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ ወደ በሩ ተመለከቱ። ተጠጋሁ። ከራሴ እስከ እግሬ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ መላጣዬን አዩት፣ ሽበቴን፣ ቦርጬን፣ ጉልበቴን የተደገፍኩበትን እጄን።

"እኔ ነኝ ጋሼ፣ ሙሉጌታ" አልኳቸው።

"አይደለህም" አሉኝ። "እኔ የተቀየምኩት ጎፈሬ ያለው፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁት እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ ከየት ይመጣል?" እጃቸውን ዘርግተው መላጣዬን ዳሰሱት። ፊታቸው ላይ ሐዘንም ሳቅም ነበር። "አንተን ገና አሁን ማየቴ ነው። ና፣ ተቀመጥ። ምሳ በልተሃል?"

አልበላሁም አልኳቸው። እውነቴን ነበር።